ራጅ፣ ሬንትገንና የሕንጻው በር

 

እኔ ከእናንተው ጋር በኪታ አሌፍ የምማር የ44 ዓመት ሴት ነኝ። በአገር ቤት ሳለሁ የትምህርት ቤትን ደጁን እንጂ ውስጡን አላውቀውም ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ጎንደር ከተማ ጉዟችንን ስንጠባበቅ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። ሞራችን «ያልገባሽን ነገር ጠይቀሽ ከተረዳሽው፣ እሱኑ ጻፊው፤ እንዳንቺ ያልገባቸው ይረዱታል» ብላ አደፋፈረችኝ። እኔ ጻፍሁ፣ ልጄ ፊደሉን አቃናችልኝ። በጽሑፉ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የዛሬው ትምህርት ስለ ራጅ ነው። በሐኪም ቤት ስላለው ራጅ ብቻ አይደለም፤ በየመግቢያው ቦርሳችንን ስለሚውጠው ሣጥን፣ ስለምናልፍበት በር፣ መኪና ሳይቀር ስለሚፈትሸው ማሽን ነው። ለምን ይህን መረጥሁ ብትሉ፣ ባለማወቄ አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው። መጀመሪያ እሱን ልንገራችሁ።

ምን ደረሰብን?

ልጄ የመጀመሪያዋን እርግዝና አርግዛ አራተኛ ወሯን እያገባደደች ነበር። ኢየሩሳሌም ከተማ፣ ከሐነቪኢም መንገድ አቅራቢያ ባለ አንድ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ የጽንስ ምርመራ ቶር ተሰጣት። ባሏ ሥራ ላይ ስለነበረ እኔ አብሬያት ሄድሁ። ከሕንጻው በር ስንደርስ ዘበኛ ቁሟል፤ አጠገቡ ጥቁር መጋረጃ ያለው ሣጥን፣ ከጎኑ ደግሞ ሰው የሚያልፍበት መቃን ብቻ ያለው በር አለ። ሰዉ ቦርሳውን ሣጥኑ ላይ እየጣለ በበሩ ያልፋል።

እኔ ይህን ሳይ ልቤ ደነገጠ። ጎንደር ሳለን ለጉዞው የጤና ምርመራ ደረታችንን ራጅ ስንነሳ፣ ሴቱን ሁሉ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ እርጉዞቹንም ለብቻ ያቆሟቸው ነበር። ያ ትዝ አለኝና «ይህ በር ራጅ ነው፤ ጽንሱን ይጎዳዋል» ብዬ የልጄን እጅ ያዝሁ። «እማ፣ ሌላው ሰው እያለፈ ነው እኮ» አለችኝ። «ሌላው እርጉዝ አይደለማ!» አልኋት። ዘበኛው በዕብራይስጥ ይናገራል፣ በእጁ ያመለክታል። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። እኔ የማውቀው ዕብራይስጥ «ሎ» ብቻ ነበር። «ሎ፣ ሎ» እያልሁ ልጄን ጎትቼ ተመለስን።

ቶራችን አለፈ። አማቼ ደውሎ ሌላ ቶር ቢጠይቅ፣ ያ የመጀመሪያው ምርመራ በተወሰኑ ሳምንታት ውስጥ ብቻ የሚደረግ ስለሆነ ጊዜው አልፏል አሉት። ሁለተኛው ምርመራ እስኪደርስ አምስት ሳምንት ጠበቅን። አምስቱን ሳምንት ልጄ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። ጽንሱን አዳንሁ ብዬ ምርመራውን አስቀረሁበት። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሞራችን ሂጄ «ራጅ ማለት ምንድን ነው? አስረጂኝ» ያልኋት።

ራጅ ምንድን ነው? ማን አገኘው?

በ1895 ኖቬምበር 8 ቀን፣ ቪልሄልም ሬንትገን የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ቩርትስቡርግ በምትባል ከተማ በቤተ ሙከራው ሲሠራ፣ ከተሸፈነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ዓይን የማያየው ጨረር እየወጣ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰሌዳ ሲያበራ አየ። ምን ዓይነት ጨረር እንደሆነ ስላላወቀው «ኤክስ» አለው። በሒሳብ ኤክስ ማለት ያልታወቀ ነገር ማለት ነው። ኤክስሬይ የሚባለው ከዚያ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን የሚስቱን የእጇን አጥንት አነሣ፤ በሥዕሉ ላይ የጣቷ ቀለበት ሳይቀር ይታያል። በ1901 የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለእሱ ተሰጠ። ግኝቱን «የእኔ ብቻ ነው» ብሎ ፓተንት አላወጣበትም፤ ለሁሉ ተወው። ስለዚህ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ አገር ተሠራበት።

እንዲያውም የእኛን አገር የሚነካ ታሪክ አለው። በ1896 ማርች 1 ቀን፣ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የአድዋ ጦርነት ሆነ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያው ጦርነት የቆሰሉ ሁለት የጣልያን ወታደሮች ናፖሊ ወደሚገኝ የጦር ሐኪም ቤት ተወስደው፣ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ በራጅ ተፈለገ። በጦርነት ለቆሰለ ሰው ራጅ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። የአባቶቻችን ጥይት ነው እንግዲህ በራጅ የታየው! ይህን ስሰማ ሳቅም ኩራትም መጣብኝ።

ጨረሩ እንዴት እንደሚወጣ ሞራችን እንዲህ አስረዳችን። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ቱቦ አለ። በአንደኛው ጫፍ የጋለ ሽቦ ነው። ከሽቦው ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ረቂቅ ነገሮች ይወጣሉ። እነሱም በብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ተገፍተው በሌላው ጫፍ ካለው ቱንግስተን ከሚባል ብረት ጋር ይላተማሉ። ከግጭቱ አብዛኛው ሙቀት ይሆናል፣ ጥቂቱ ደግሞ ጨረር ሁኖ ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ጨረሩም ወዲያው ይጠፋል። እንደ ኩራዝ ነው፤ ሲነድ ብርሃን አለ፣ እፍ ሲባል የለም። ኩራዝ ካጠፋን በኋላ ብርሃኑ እንጀራው ላይ ተለጥፎ እንደማይቀር ሁሉ፣ በሣጥኑ ያለፈ ምግብም ጨረር ይዞ አይወጣም። ስለዚህ ዳቧችሁን፣ የልጅ ወተታችሁን ሳትፈሩ አሳልፉ።

ሣጥኑ እንዴት ያያል?

በጎጆ ቤት ውስጥ በእሳቱና በግድግዳው መካከል ሰው ሲቆም ጥላው ግድግዳው ላይ ይወድቃል። ራጅም የጥላ ሥራ ነው። ልዩነቱ፣ ይህ ብርሃን ጨርቅንና ሥጋን ያልፋል፤ አጥንትን በከፊል ያልፋል፤ ወፍራም ብረትን ግን ማለፍ ይቸግረዋል። ወዲያ ማዶ ያለው መቀበያ ምን ያህሉ እንዳለፈና ምን ያህሉ እንደቀረ ይቆጥርና ሥዕል ያደርገዋል። እንደ ወንፊት አስቡት፤ ዱቄቱ ያልፋል፣ እንክርዳዱ ይቀራል።

የቦርሳው ማሽን ከሐኪም ቤቱ የሚለይበት ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ደካማና ብርቱ ጨረር ለያይቶ ያያል። ሁለቱን ሲያመሳክር ዕቃው ከምን እንደተሠራ ይገምትና ቀለም ይሰጠዋል። ቀለሞቹም በአብዛኛው እነዚህ ናቸው፤

ብርቱካናማ፦ ከዕፅዋትና ከእንስሳት የሚገኝ ነገር፣ ምግብ፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ፕላስቲክ።
ሰማያዊ፦ ብረትና የመሳሰለው ከባድ ነገር፣ ቢላዋ፣ ቁልፍ፣ መሣሪያ።
አረንጓዴ፦ በሁለቱ መካከል ያለ፣ እንደ መስታወት፣ ጨውና አሉሚኒየም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዓይነት ፈንጂ እንደ ምግብ በብርቱካናማ ነው የሚታይ። ስለዚህ ጥቅጥቅ ብሎ የታሰረ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ማር ወይም ቅቤ ሲታይ ፈታሹ ይጠራጠራል፤ ቦርሳውን ይከፍታል። እኔ አንድ ጊዜ የሽሮ ከረጢቴ ሲከፈት «ጥቁር ስለሆንሁ ነው» ብዬ አልቅሼ ነበር። እንዲያ ያለ በደል የለም ማለቴ አይደለም፤ የሚደርስበት ሰው ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ጥፋቱ የሽሮው ሳይሆን አልቀረም። አሁን ሽሮዬን ለብቻ፣ በሚታይ ላስቲክ አድርጌ ከላይ አስቀምጠዋለሁ።

ከሣጥኑ መግቢያና መውጫ የሚንጠለጠለው ከባድ መጋረጃ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ነው። እርሳስ ጨረርን ይከላከላል። ስለዚህ እጃችሁን በመጋረጃው ውስጥ አታስገቡ፤ ቦርሳችሁ እስኪወጣ ጠብቁ። ሕፃን በተንቀሳቃሹ ቀበቶ ላይ ከቶ አይቀመጥም። የታዘለም፣ የታቀፈም ልጅ ከእናቱ ጋር በበሩ ነው የሚያልፍ።

በሩስ ራጅ ነው ወይ?

አይደለም! የእኔ ስሕተት ይህ ነበር። በየሕንጻው መግቢያ የምናልፍበት የተለመደው በር ማግኖሜተር ይባላል። በመቃኖቹ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደ ማግኔት ያለ ኃይል ይፈጥራል። ብረት የያዘ ሰው ሲያልፍ ያ ኃይል ይታወካል፣ በሩም ይጮኻል። በቃ ይኸው ነው። ሰውነትን አያይም፣ ሥዕል አያነሣም፣ የራጅ ጨረር የለበትም። ዘበኛው በእጁ ይዞ የሚያዞረው ዘንግም እንዲሁ ብረት ብቻ ነው የሚፈልግ። በኮቴል ማዓራቪ መግቢያም፣ በታሐና መርካዚትም ቦርሳ በራጁ ሣጥን፣ ሰው ግን በብረት መፈለጊያው በር ነው የሚያልፍ።

ልብ በሉ፤ በደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው አስቀድሞ ለዘበኛው ይንገር። እርጉዝ ሴትም ልቧ ካልተረጋጋ በእጅ እንድትፈተሽ መጠየቅ ትችላለች። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሰውን በራጅ የሚፈትሽ የለም ወይ?

አለ፤ ግን በየበሩ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የአልማዝ ማውጫ ሠራተኞች አልማዝ ደብቀው እንዳይወጡ፣ በጥቂት ጨረር ሙሉ ሰውነትን የሚያሳይ ማሽን ተሠርቶ ነበር። ያ ማሽን በኋላ ተሻሽሎ ለሐኪም ቤት ዋለ፤ በአደጋ የተጎዳ ሰው ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በአንድ ጊዜ ይነሳበታል። ሌባ ለመያዝ የተሠራው ነፍስ ለማዳን ዋለ ማለት ነው።

ሌላው ዓይነት ደግሞ ጨረሩ በሰውነት ውስጥ አልፎ ሳይሆን፣ ከሰውነት ነጥሮ ሲመለስ የሚያይ ነው። ባትሪ አብርታችሁ ብርሃኑ ከግድግዳ እንደሚመለስላችሁ ማለት ነው። ይህ በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ተተክሎ ነበር። ሆኖም በልብስ ሥር ያለውን ገላ ስለሚያሳይ ሰዉ ተቆጣ፤ «ራቁታችንን ታያላችሁ» አለ። በ2013 ከአውሮፕላን ማረፊያዎቹ ተነሣ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 በራጅ የሚሠራው የሰው መፈተሻ ከሚፈቀዱት ውጭ እንዲሆን ወሰነ። አሁን በብዙ አውሮፕላን ማረፊያ እጃችንን ወደ ላይ አድርገን የምንቆምበት ክፍል በራዲዮ ሞገድ ዓይነት የሚሠራ ነው እንጂ ራጅ አይደለም። በእነ አሜሪካ ያለው የሰውየውን ገላ ማሳየቱን ትቶ አንድ የሰው ምስል ሥሎ «እዚህ ቦታ እይ» ብሎ ብቻ ያመለክታል። እንግዲህ ነውርን መፍራት የእኛ የገጠሬዎች ብቻ አይደለም።

መኪናስ እንዴት ይፈተሻል?

የቦርሳው ማሽን የከባድ መኪናን ብረት ማለፍ አይችልም። የቦርሳው ማሽን ጉልበት በብዛት ከ140 ሺህ እስከ 160 ሺህ ቮልት ነው። በወደብና በድንበር ኬላ ላሉት የጭነት መፈተሻዎች ግን ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ፤ ኤሌክትሮኑን በረጅም መንገድ እያስሮጡ የሚያፋጥኑ ማሽኖች አሉ። እንዲህ ያለው ጨረር ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን ብረት ያልፋል። ስለዚህ ኮንቴይነሩ ሳይከፈት ውስጡ ያለው ጭነት ይታያል። በወረቀቱ «ሩዝ» ተብሎ ተጽፎ በመካከሉ የብረት ጥላ ከታየ፣ ያኔ ይከፈታል። ጨረሩ ብርቱ ስለሆነ ሾፌሩ ወርዶ ይቆያል፤ ወይም ጨረሩ ሾፌሩ ያለበት ፊተኛው ክፍል ካለፈ በኋላ ብቻ ይበራል።

በመኪና ላይ ተጭኖ እየዞረ የቆሙ መኪናዎችን የሚፈትሽም አለ። ይኸኛው ነጥሮ በሚመለሰው ጨረር ነው የሚሠራ። እንደ ፈንጂ፣ እንደ አደንዛዥ ዕፅና እንደ ሰው ገላ ያለ ነገር ጨረሩን ከብረት ይልቅ አብልጦ ስለሚመልሰው ደምቆ ይታያል። በመኪና በር ውስጥ የተደበቀ ነገር፣ በጭነት ሥር የተሸሸገ ሰው ይገኝበታል።

ጉዳት አለው ወይ?

ፍርሃታችን ከምንም የመጣ አይደለም። ራጅ በብዛት ሲሆን ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባለማወቅ ሲጫወቱበት እጃቸው የተቃጠለ፣ የሞቱም ነበሩ። በዚችው አገር እንኳ፣ ከ1948 በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በብዛት ከሰሜን አፍሪካ የመጡ የዖሊም ልጆች ቆርቆር እንዲድኑ ተብሎ ራሳቸው ላይ ብዙ ጨረር ተደረገባቸው። ከዓመታት በኋላ አንዳንዶቹ በካንሰር ታመሙ። በ1994 ለተጎዱት ካሳ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ስለዚህ «ይህ ምንድን ነው? ለምን ታደርጉልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው።

ነገር ግን መጠኑን መለየት ያስፈልጋል። ጨው ለወጥ ያስፈልጋል፤ አንድ ቁና ጨው ግን ይገድላል። ጨረር ከምድር፣ ከሰማይና ከምንበላው ምግብም ሁልጊዜ ይደርሰናል። መለኪያው ሚሊ ሲቨርት ይባላል። በዓለም ላይ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ያህል ያገኛል። ደገኛ ከቆለኛ ይልቅ ከሰማይ የሚመጣው ይበዛበታል፤ በአውሮፕላን የሚሄድም እንዲሁ። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው፤ ይህም በ15 ቀን ያህል ውስጥ ያለ ምንም ራጅ የምናገኘው ነው። ታዲያ ሐኪም «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ጽንስ ከትልቅ ሰው ይልቅ ለጨረር ስስ ስለሆነ፣ የማያስፈልግ ጥቂት እንኳ እንዳይደርሰው ነው። ጥያቄው ጥንቃቄ ነው እንጂ የሞት ፍርድ አይደለም።

ደግሞ አንድ ሌላ ያላወቅሁት ነገር፤ ጽንስ የሚታይበት ኡልትራሳውንድ ራጅ አይደለም። ጆሯችን የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ነው። ድምፁ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጽንሱን ነክቶ ይመለሳል፤ እንደ ገደል ማሚቶ። ከገደል ማሚቶው ማሽኑ ሥዕል ይሠራል። እኔ ልጄን ያልነበረ ራጅ ፈርቼ፣ ራጅ ከሌለበት ምርመራ አስቀረኋት።

ለምን ይፈትሹናል?

በ1972 ሜይ 30 ቀን በሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ሰዎች ከሻንጣቸው የጦር መሣሪያ አውጥተው 26 ሰው ገደሉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ የጠለፋ ሙከራ ሁኖ በአየር ላይ ተኩስና ፍንዳታ ነበረ። እንዲህ ያለው ነገር ስለበዛ ነው በ1970ዎቹ ቦርሳን በራጅ ማየት በዓለም የተስፋፋ። በኢየሩሳሌምም ብዙ ጊዜ አውቶቡስና ፌርማታ ላይ ፈንጂ ፈንድቷል። በ2022 ኖቬምበር 23 ቀን በሁለት ፌርማታዎች ላይ በፈነዳው ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ አንደኛው ከኢትዮጵያ የመጣ ወገናችን ነበር።

ማሽን ግን ብቻውን አይበቃም። በ1996 ኖቬምበር 23 ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይሄድ የነበረውን የኢትዮጵያ አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ጠልፈው «ቦምብ ይዘናል» አሉ። በኋላ እንደተነገረው «ቦምብ» ያሉት የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ነዳጅ አለቀ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰው 125ቱ አለቁ። ማሽን ጠርሙስን ያያል፤ የሰውን ልብ ግን አያይም። ለዚህ ነው ዘበኛ ዓይናችንን እያየ «ከየት መጣህ? ቦርሳውን ማን አሰረው?» እያለ የሚጠይቅ።

በኢትዮጵያ ጎዳና

አምስቱ ሳምንት አልቆ ሁለተኛው ቶር ሲደርስ ወደዚያው ሕንጻ ሄድን። ዘበኛው ያን ቀን ሌላ ወጣት ነበር። እኔ ሌሊቱን ያጠናሁትን «ሂ በሄራዮን» አልሁት። ሳቅ አለና «እናቴ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ እንጂ! በሩ ራጅ አይደለም፤ ብረት ብቻ ነው የሚያሸት» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ» አልሁት። ቦርሳዬ ሲያልፍ «ይህ ብርቱካናማ ምንድን ነው? ሽሮ ነው?» አለኝ። «ሽሮ ነው» አልሁ። ልጄ ቀድማ በበሩ አለፈች፤ እኔ ተከተልኋት። በሩ ለእኔ ጮኸ፤ የብር ድሪዬ ነበር።

ሐኪሟ በኡልትራሳውንዱ የጽንሱን ልብ አሳየችን፤ አራት ክፍል አለው፣ ትር ትር ይላል። ሁሉ እንደሚገባው ነው አለች። ያለፈው ምርመራ ግን ቀርቷል፤ አልተመለሰም። እግዚአብሔር ስለረዳን ነው እንጂ በእኔ ዕውቀት አልነበረም።

ስንወጣ በኢትዮጵያ ጎዳና በኩል መጣን። ጠባብ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ፣ ዛፍ የበዛበት። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የተጀመረው ክቡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው፤ በበሩ ላይ በራሳችን ፊደል ተጽፏል። ፊት ለፊት ካሉት ቤቶች በአንዱ፣ በቁጥር 11፣ ዕብራይስጥን የሰፈርና የቤት ቋንቋ ለማድረግ የደከመው ኤሊዔዜር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር። ለሰዉ የሚያስፈልገውን አዲስ ቃል ከጥንቱ መጽሐፍ እየፈለገ ያወጣ ነበር፤ በ1922 አረፈ። እኔም አዳዲስ ቃል የምለምንበት ጎዳና ይህ ነው ብዬ ቆም አልሁ።

ሞራችን ያስተማረችን አንድ ቃል ትዝ አለኝ። በዕብራይስጥ ራጅ «ካርኔይ ሬንትገን» ይባላል፤ የሬንትገን ጨረሮች ማለት ነው። ኬሬን ጨረር ነው፤ ቀንድም ነው። በኦሪት ሙሴ ከሲና ሲወርድ ፊቱ አበራ የሚለው ከዚሁ ቃል ስለሆነ፣ ፈረንጆች ተሳስተው ሙሴን ቀንድ አውጥተው ሥለውታል። ቄሶቻችን በሚያነቡት በግዕዝ ደግሞ ቀንድ «ቀርን» ይባላል። ኬሬን፣ ቀርን! እንግዳ የመሰለኝ ቃል ዘመዴ ሁኖ ተገኘ።

የዛሬ ቃላት

ሺኩፍ፦ በራጅ መፈተሽ
ሬንትገን፦ ራጅ
ሻዓር፦ በር
ቲክ፦ ቦርሳ
ማቴኼት፦ ብረት፣ ማዕድን
መአቭቴአሕ፦ የጥበቃ ሠራተኛ
አኒ በሄራዮን፦ እርጉዝ ነኝ
ኤፍሻር ብዲካ ያዳኒት?፦ በእጅ መፈተሽ ይቻላል?
ሄፌጽ ሐሹድ፦ አጠራጣሪ ዕቃ

የመጨረሻውን ቃል በደንብ ያዙት። ቦርሳችሁን ፌርማታ ላይ ትታችሁ ፈቀቅ ካላችሁ ሄፌጽ ሐሹድ ይባላል። መንገድ ይዘጋል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ዕቃችሁም ሊፈነዳ ይችላል። ሽሮም ቢሆን!

ለመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የሕንጻው በርና የቦርሳው ሣጥን በምን ይለያያሉ?
2. ሽሮ በማሽኑ ውስጥ በምን ቀለም ይታያል? ለምን?
3. ኡልትራሳውንድ ራጅ ነው ወይስ ድምፅ?
4. እርጉዝ ሴት ለዘበኛው ምን ትላለች? በዕብራይስጥ ተናገሩ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ካልገባችሁ በር ፊት ስትደርሱ እንደ እኔ አትመለሱ። ቁሙና ጠይቁ፤ ቃል ካጣችሁ አማርኛ የሚያውቅ ፈልጉ፤ እሱም ከሌለ ቶራችሁ ከመድረሱ አስቀድሞ ሞራችንን ጠይቋት። በሰው ፊት ማፈር የአንድ ቀን ነው፤ ያለፈ ቶር ግን አይመለስም።

ልጄ በሰላም እንድትገላገል ጸልዩልን። በቸር ያገናኘን።